የቦአ አመጋገብ፦ ሲያስመልስ፣ የረሃብ አድማ ሲመታ፣ ሲወፍር

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያደገ ልጅ አንድ ቀን «እባብ ግዙልኝ» ቢል አትደንግጡ። ሱቅ ውስጥ ቦአ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ቦአ ኢምፔሬተር ነው። የትውልድ አገሩ ከሜክሲኮ እስከ ኮሎምቢያ ይዘልቃል። መርዝ የለውም። ሴቷ አድጋ 2 ሜትር ገደማ ትሆናለች፣ አንዳንዴም ታልፋለች። ወንዱ ያንሳል። በደንብ ከተያዘ ከ20 እስከ 30 ዓመት ይኖራል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እባቡ ከእናንተ ጋር ይቀራል ማለት ነው።

ቦአ ሲታመም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታወቀው በምግቡ ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ምግቡ ላይ አይደለም። ወይ ሙቀቱ ወርዷል፣ ወይ ባለቤቱ ቸኩሏል። ስለዚህ የሚበላውን አይጥ ከመቀየራችሁ በፊት ቴርሞሜትሩን እዩ።

እባቡ የሚኖርበት ሳጥን ሞቃቱ ጎኑ ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ በፋረንሃይት ከ88 እስከ 90 ማለት ነው። ቀዝቃዛው ጎን 26 ገደማ ይበቃል። ሌሊት ከ24 በታች እንዳይወርድ። እርጥበቱ ከ60 እስከ 70 በመቶ ይሁን። በሁለቱም ጎን መሸሸጊያ ይኑር፤ መሸሸጊያው አንድ ብቻ ከሆነ እባቡ ሙቀትና መደበቅ መካከል መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ማሞቂያው ደግሞ ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ) አይሰካ። ቦአ ሆዱ እየተቃጠለ እንኳ ከቦታው ላይነሳ ይችላል።

በላና መለሰው

ከሁሉም የሚያሰጋው ይሄ ነው። ከበላ ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ግማሽ የተፈጨች፣ የምትከረፋ አይጥ ሳጥኑ ውስጥ ታገኛላችሁ።

ቀዳሚው ተጠርጣሪ ብርድ ነው። የእባብ ሆድ የሚፈጨው ከውጭ በሚያገኘው ሙቀት ነው። ሙቀቱ ሲወርድ ምግቡ ከመፈጨት ይልቅ ሆዱ ውስጥ መበስበስ ይጀምራል፤ እባቡም መልሶ ያወጣዋል። ሚኒሶታ ውስጥ የበረዶው ወቅት ሲመጣና የቤቱ ሙቀት ሌሊት ሲቀነስ፣ በበጋ ደህና የነበረው ሳጥን ጠዋት 20 ዲግሪ ላይ ሊገኝ ይችላል። ቀን ላይ ብቻ የሚለካ ሰው ይህን አያይም። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ርካሽ ነው፤ ግዙ።

ሙቀቱ ልክ ከሆነ የምግቡን መጠን ተመልከቱ። የአይጧ ውፍረት ከቦአው ወገብ መብለጥ የለበትም፤ ትንሽ ብታንስ ይመረጣል። ለግልገል በሚዛን መስራት ይሻላል፦ ከክብደቱ አንድ አስረኛ ገደማ። 60 ግራም የሚመዝን ግልገል 6 ግራም የምትመዝን ትንሽ አይጥ ትበቃዋለች። የወጥ ቤት ሚዛን ይሰራል፤ ለእባቡ ብቻ የተለየ ይሁን እንጂ።

ሌላው የተለመደ መንስኤ እጅ ነው። ከበላ በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት አይነካም። ሆዱ ላይ ያበጠው እስኪጠፋ ብትቆዩ ደግሞ የበለጠ ነው። እንግዳ ሲመጣ «አሳየን» የሚል አይጠፋም፤ በመስታወቱ ይዩት።

አንዳንዴ ደግሞ ከፍሪዘር የወጣችው የሞተች አይጥ ከላይ ሞቃ ውስጧ በረዶ ትሆናለች። ሆዷን በጣት ጫን አድርጉ፤ ጠጠር ያለ ነገር ከተሰማችሁ ገና ነች።

መፍትሔው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ራበው» ብሎ በማግስቱ ሌላ አይጥ ይሰጠዋል። እኛ ዘንድ ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ ለቦአ ግን ይህ ባህል አይሰራም። ሲያስመልስ የሆዱ አሲድ አብሮ ይወጣል፣ ጉሮሮውም ይቆስላል። ሳያገግም ከበላ ይደግመዋል። ግልገል ከሆነ መደጋገሙ ሊገድለው ይችላል።

ስለዚህ ቢያንስ 14 ቀን ምንም አትስጡት፤ ንጹህ ውሃ ብቻ አይጥፋ። አትንኩት። ሙቀቱን አስተካክሉ። ከዚያ ከቀድሞው ግማሽ የምታህል አይጥ ስጡ። ካልመለሰ ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ ያንኑ መጠን ድገሙ። ወደ ቀድሞው መጠን የምትመለሱት እንዲህ ጥቂት ጊዜ በሰላም ከበላ በኋላ ነው። ሙቀቱም መጠኑም ልክ ሆኖ ሁለተኛ ጊዜ ካስመለሰ የቤት ሙከራ አበቃ፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

አልበላም አለ

መጀመሪያ ይህን እወቁ፦ ጤነኛ ትልቅ ቦአ ለወራት ሳይበላ መቆየት ይችላል። የረሃብ አድማው ከእሱ ይልቅ እናንተን ነው የሚያስጨንቀው።

ገና የመጣ ከሆነ አካባቢውን ይልመድ። ከሳምንት እስከ አስር ቀን ሳትነኩት ተዉትና ከዚያ ሞክሩ። ዓይኑ ሰማያዊ መሰል ጉም ከለበሰ ቆዳ ሊቀይር ነው፤ ቀይሮ እስኪጨርስ ጠብቁ። አዋቂ ወንድ ከሆነና ሳጥኑ ውስጥ ሲንጎራደድ የሚያድር ከሆነ ደግሞ የመራቢያ ወቅቱ ይዞታል። ምንም አይደለም፣ ያልፋል።

ከነዚህ አንዱም ካልሆነ አቀራረባችሁን እዩ። ቦአ በከንፈሩ አካባቢ ባሉ ቅርፊቶች ሙቀት ይለያል። ቀዝቃዛ አይጥ ለእሱ ምግብ አትመስልም። አይጧን ከፍሪዘር አውጥታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ። ከዚያ በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሩ። ለብ ሳይሆን ሞቅ ማለት አለባት፤ 38 ዲግሪ ገደማ። ማይክሮዌቭ በጭራሽ! አንዱ ጎን ይበስላል፣ ሌላው በረዶ ሆኖ ይቀራል፤ ስለ ሽታው ባላወራ ይሻላል። ማታ ማታ፣ መብራቱ ደብዘዝ ሲል፣ በረጅም ጉጠት አቅርቡለት።

ከያዛት በኋላ ጉጠቱን ወዲያው አታርቁ። ቦአ የያዘውን እንስሳ የልብ ምት በገላው ይከታተላል፤ የሚጨምቀውም ከዚያ ተነስቶ ነው። የሞተች አይጥ ምንም ስለማትሰጠው አንዳንዱ ለቆ ይሄዳል። ጫፏን ቀስ ብላችሁ ብትነቀንቁ እንደገና ያጠብቃል።

«በህይወት ያለች ብሰጠውስ?» የሚል ይኖራል። እኔ አልመክርም። የተጨነቀች አይጥ ትነክሳለች፤ ዓይኑን ያጣ እባብ አለ።

በየሁለት ሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ ካልወረደ ታገሱ። ከክብደቱ አንድ አስረኛውን ካጣ ግን ትዕግስቱ ይብቃ፤ ሐኪም ይየው። ግልገል ሲሆን ከዚያም በፊት ፍጠኑ።

በጣም ወፈረ

እዚህ ላይ ብዙ ባለቤቶች ችግር መኖሩን እንኳ አያውቁም። «አደገልኝ» ብለው ፎቶ ይለጥፋሉ።

ጤነኛ ቦአ ወገቡ ላይ ሲታይ ድፍን ክብ አይደለም። ጎኑ ቀጥ፣ ጀርባው ለስለስ ያለ፣ እንደ ፎርም ዳቦ ነው። የወፈረው ግን እንደ ቱቦ ይከብባል። ጭንቅላቱ ለገላው ያንሳል። ሲጠማዘዝ ቆዳው ይሸበሸባል፤ ከጅራቱ ስር ጎንና ጎን ስብ ያብጣል። ቅርፊቶቹ መካከል ያለው ቆዳ ሳይበላም ተወጥሮ ይታያል።

መንስኤው በየሳምንቱ መመገብ ነው። ይህ ልማድ የመጣው ቶሎ እንዲያድግ፣ ቶሎ እንዲወልድ ከሚፈልጉ አርቢዎች ነው። ቦአ ያገኘውን ይበላል፤ «ጠግቤያለሁ» አይልም። ጫካ ውስጥ ግን በየሳምንቱ የሚያመጣለት የለም፤ ሆዱ ረጅም ዕረፍት የለመደ ነው። ትርፉ ጉበቱ ላይና ልቡ ዙሪያ ስብ ሆኖ ይቀመጣል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል።

እኔ የምከተለው ይህን ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ከ10 እስከ 14 ቀን አንዴ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት በየሁለት ወይም ሦስት ሳምንቱ፣ አዋቂ ሲሆን ከ4 እስከ 6 ሳምንት አንዴ። በዚህ አካሄድ ሙሉ ቁመቱ ላይ ለመድረስ በርካታ ዓመት ይፈጅበታል። ይፍጅበት።

የወፈረውን በድንገት አታስርቡ። መጀመሪያ የአይጧን መጠን ቀንሱ፣ ከዚያ ልዩነቱን አራዝሙ። ወፍራም ቅርንጫፍ አስገቡለት፤ ቦአ በተለይ ልጅ ሳለ መውጣት ይወዳል። በወር ውስጥ ለውጥ አትጠብቁ፤ የዓመት ስራ ነው።

ይበላል፣ ግን አከርካሪው ጎልቶ ይታያል

ምግቡ ለዕድሜው አንሶ ይሆናል። አምስት ዓመቱ ሆኖ ዛሬም የግልገል አይጥ የሚሰጠው አለ። ወደ አይጠ መጎጥ አሻግሩት፤ መጠኑን ግን ቀስ በቀስ። መጠኑ ልክ ሆኖ ካልያዘለት ደግሞ የሆድ ጥገኛ ተህዋስ ሊሆን ስለሚችል ሰገራው ይመርመር።

ቆዳው ተቆራርጦ ወጣ

እርጥበት ጎድሏል። ክረምቱን በማሞቂያ የሚያልፍ ቤት አየሩ ይደርቃል። መሸሸጊያው ውስጥ እርጥብ የጫካ ሽበት (በእንግሊዝኛ «ሞስ») አድርጉለት። በጅራቱ ጫፍ የቀረ ቆዳ ደም ስለሚያግድ በእርጥብ ፎጣ ቀስ ብላችሁ አውጡት። በዓይኑ ላይ የቀረውን ግን አትንኩ።

ሳጥኑን ስከፍት ይወረወራል

ክፉ ሆኖ አይደለም። ክዳኑ ሲከፈት ምግብ የሚመጣ ከሆነ እጃችሁ ራሱ አይጥ ነው። ለመመገብ ባልሆነ ቀን ሁሉ መጀመሪያ በቆልማማ ብረት ገላውን ነካ አድርጉት፣ ከዚያ አንሱት። ይህ ንክኪ «ዛሬ ምግብ የለም» ማለት መሆኑን ይለምደዋል። አይጥ የነካ እጅም ሳይታጠብ ሳጥን አይክፈት።

በነገራችን ላይ፣ የአይጦቹ ፍሪዘር ከቤቱ ፍሪዘር የተለየ ይሁን። አንደኛ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያውክ ባክቴሪያ አለ፤ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለ ቀልድ አይደለም። ሁለተኛ ለበዓል ዶሮ ልታወጣ የሄደች እናት በእጇ ምን እንደምትይዝ አስቡት።

ቤት ውስጥ የማይፈታ

አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ካፏጨ ወይም አፍንጫው ላይ አረፋ ከታየ የሳንባ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ውሃ ሳህኑ ውስጥ ተነክሮ ከዋለና ውሃው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ከተንሳፈፉ ተባይ ይዞታል። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አዙሮ ሽቅብ የሚያይ፣ በጀርባው ሲገለበጥ መመለስ የሚያቅተው፣ ደጋግሞ የሚያስመልስ ከሆነ ደግሞ አይቢዲ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ፈውስ የለውም፤ ከሌሎች እባቦች ዛሬውኑ ለዩት። ምልክት ሳያሳይ ለረጅም ጊዜ የሚሸከመውም ስላለ አዲስ የመጣን ቦአ ከነባሮቹ ጋር ማቀላቀል አይገባም።

የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ እባብ አያይም። ደውላችሁ ተሳቢ እንስሳት ያክሙ እንደሆነ ጠይቁ። ስትሄዱ የክብደት መዝገቡን፣ የሙቀት ልኬቱን፣ የመጨረሻ ምግቡን ቀንና መጠን፣ ከተገኘም ትኩስ ሰገራ በንጹህ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። ቦአውን በትራስ ልብስ አስራችሁ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ አድርጉት፤ መኪናውንም ቀድማችሁ አሙቁ።