ተገጣጣሚ ቤት ሲገዙ፦ ዋጋው እንዲጸና አስቀድሞ የሚታየው ነገር

በፋብሪካ ተሠርቶ በጭነት መኪና የሚመጣ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁሉ «ከዓመታት በኋላ ብሸጠው ገንዘቤን ያወጣልኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን የሚወስነው ግን የቤቱ ውበት ወይም የፋብሪካው ዝና ሳይሆን፣ ቤቱ በሕግ ምን ተብሎ እንደተመዘገበ፣ በምን ላይ እንዳረፈና ክፍሎቹ እንዴት እንደተጋጠሙ ነው፤ ሦስቱም ከክፍያ በፊት ሊመረመሩ ወይም በውል ሊታሰሩ ይችላሉ።

መጀመሪያ የቤቱን ዓይነት ይለዩ። ሞጁላር የሚባለው ቤት ክፍሎቹ የኤሌክትሪክና የቧንቧ መስመራቸው ተዘርግቶ፣ ግድግዳቸው ተለብጦ ከፋብሪካ ይወጡና በቋሚ መሠረት ላይ በክሬን ተቀምጠው ይያያዛሉ፤ የሚመራውም ቤቱ በሚተከልበት አካባቢ የግንባታ ሕግ ነው። በአሜሪካ ከዚህ ጋር ዘወትር የሚምታታ ሌላ ቤት አለ፤ እርሱ በማይነቀል የብረት ሻሲ ላይ የሚሠራ፣ ከ1976 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በፌዴራል መንግሥቱ ደንብ የሚመራና ብዙ ጊዜ ከመሬት ተለይቶ እንደ ተንቀሳቃሽ ንብረት የሚመዘገብ ነው። ሁለቱን በሩቅ መለየት ያስቸግራል። የኋለኛው በየክፍሉ ውጫዊ ግድግዳ ላይ የተመታ ትንሽ ቀይ የብረት ሰሌዳ አለው፤ የሞጁላር ቤት መለያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ፣ ለምሳሌ በወጥ ቤት መታጠቢያው ስር ባለው ቁም ሣጥን ወይም በኤሌክትሪክ ማከፋፈያው አጠገብ ይገኛል። ቤቱን ሲጎበኙ ጎንበስ ብለው የቁም ሣጥኑን በር ከፍተው ይዩት፤ ከሻጩ የቃል ማረጋገጫ ይልቅ ያ መለያ ይታመናል።

ስለ ዋጋ ስንነጋገር የቤቱንና የመሬቱን ዋጋ መለየት ይገባል። ማንኛውም ሕንፃ ያረጃል፤ አብዛኛውን ጊዜ በዓመታት ውስጥ የሚወደደው መሬቱ ነው። ስለዚህ በራስ መሬት ላይ፣ በቋሚ መሠረት የተተከለና ከመሬቱ ጋር አንድ ሆኖ የተመዘገበ ሞጁላር ቤት ዋጋው በቦታው ከተገነቡ ጎረቤቶቹ ጋር አብሮ ሊጓዝ ሲችል፣ በኪራይ መሬት ላይ የቆመ ቤት ይህን ድጋፍ ያጣል። የአገሩ ገበያ ልማድም ራሱን የቻለ ኃይል አለው። በጃፓን የእንጨት ቤት በማንኛውም ዘዴ ቢሠራ ከሃያ እስከ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ዋጋ እንደሌለው ሲቆጠር ኖሯል፤ እዚያ የፋብሪካ ቤት ዋጋ ቢወርድ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው ማለት አይቻልም።

ብዙ ገዢዎች የሚዘነጉት፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው፣ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ገዢ የባንክ ብድር ማግኘቱን ነው። ብድር የማያገኝ ቤት የሚሸጠው ጥሬ ገንዘብ ላለው ሰው ብቻ ነው፤ ገዢ ሲያንስ ደግሞ ዋጋ ይወርዳል። በብሪታንያ አበዳሪዎች ቤቱ ቢያንስ 60 ዓመት እንደሚቆይ የሚያረጋግጥ ሰነድ መጠየቃቸው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ውል ከመፈረምዎ በፊት ወደ ሁለት ወይም ሦስት ባንኮች ሄደው በዚህ የአሠራር ዘዴ ለተሠራ ቤት ያበድሩ እንደሆነ፣ ምን ሰነድ እንደሚፈልጉም ይጠይቁ።

የፋብሪካው ዋጋ የቤቱ ጠቅላላ ዋጋ አይደለም። መሠረት፣ ማጓጓዣ፣ ክሬን፣ ፈቃድ፣ የውኃና የመብራት መስመር፣ የፍሳሽ ማስወገጃና የመጋጠሚያው ማጠናቀቂያ ብዙውን ጊዜ ለብቻ ይታሰባሉ፤ እያንዳንዱን ማን እንደሚሠራው በጽሑፍ ያስፍሩ። ቅድመ ክፍያን በተመለከተ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ተሰብስቦለት የነበረው ካቴራ የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ እንኳ በ2021 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ አመልክቷል። ገንዘብዎ በሦስተኛ ወገን እጅ ተይዞ ሥራው በደረሰበት ልክ እንዲለቀቅ ይዋዋሉ።

ክፍሎቹ በሚገጠሙበት ቀን በቦታው ይገኙ። ከመነሣታቸው በፊት የተጠቀለሉበት ፕላስቲክ ተቀድዶ ዝናብ ገብቶበት እንደሆነ ያጣሩ፤ በተዘጋ ግድግዳ ውስጥ የቀረ እርጥበት የሚታወቀው ዘግይቶ፣ በሻጋታ ነው። ከዚያ ሁለቱ ክፍሎች በሚገናኙበት መስመር ላይ ወለሉን በውኃ ልክ ይለኩት፤ በዚያው መስመር ኮርኒሱን ቀና ብለው ይመልከቱ፤ በአቅራቢያው ያሉትን በሮችም አንድ በአንድ ከፍተው ይዝጉ። በአንድ ጥግ የሚነካ በር መሠረቱ ወይም አቀማመጡ መዛነፉን ይናገራል። ቀጭን የቀለም ስንጥቅ ከመጓጓዝ የሚመጣ ስለሆነ አያስደንግጥዎ፤ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ግን መሐንዲስ ሊያየው ይገባል።

በመጨረሻም የመለያውን ፎቶ፣ የፋብሪካውን ንድፍ፣ የመሠረቱን የምርመራ ወረቀትና የመጋጠሚያውን ሥዕል ከመሸፈኑ በፊት አንሥተው በአንድ ማኅደር ያኑሩ። ቤቱን በሚሸጡበት ጊዜ ገማቹ ከግድግዳው በስተጀርባ ያለውን ማየት ስለማይችል፣ የሚያየው ይህንኑ ማኅደር ነው።