ለጀማሪ የሚቀለው ዋና በጀርባ ነው

ዋና ልማር ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ በሆዱ ተኝቶ እጅና እግሩን ያማታል። ጭንቅላቱን ቀና ባደረገ ቁጥር እግሩ ይሰምጣል፤ ወዲያው ይደክመዋል። በጀርባ ሲዋኙ ግን አፍና አፍንጫ ውጭ ስለሚሆኑ የትንፋሽ ጣጣ የለም።

ውሃው ከወገብ በላይ፣ ከደረት በታች፣ የማይፈስና ታቹ የሚታይ ይሁን። መዋኘት የሚችል ሰው አጠገብዎ ይቁም። በክረምት ወንዝ አይሞከርም። ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ እያለ ደጋው ላይ የዘነበው ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ጥርት ያለው ውሃ ድንገት ደፍርሶ ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ልብስዎን ሳያነሱ ይውጡ። ቆላው ላይ ዝግ ብሎ በሚፈስ ውሃ ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ ሊኖር ስለሚችል ገንዳ ከተገኘ እሱ ይሻላል። ደብረ ብርሃን አካባቢ ደግሞ ጠላቱ ብርድ ነው፤ ዘለው አይግቡ፣ መጀመሪያ ፊትዎንና ደረትዎን ያርጥቡ።

ዋናው ሥራ መንሳፈፍ ነው። ረዳትዎ መዳፉን ከማጅራትዎ ሥር ያድርግ። ጆሮዎ ውሃ ውስጥ እስኪገባ ይተኙ፤ ሰው ሁሉ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጆሮው ሲርስ ደንግጦ አገጩን ወደ ደረቱ ይስባል፣ እግሩን ሊያይ ይሞክራል፤ ያኔ ዳሌው ይወርድና በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ተጣጥፎ ይሰምጣል። ዓይንዎ ቀጥ ብሎ ሰማይ ይይ፣ እምብርትዎን ወደ ላይ ይግፉ፣ ሳንባዎን በአየር ይሙሉ። ረዳቱ መዳፉን በሁለት ጣት ይተካ፣ ቀጥሎ ጣቶቹንም ያንሳ። እግር ጫፉ ትንሽ ቢወርድ ግድ የለም።

መነሳትም ይለመድ፦ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ፣ በሁለት እጅ ውሃውን ከኋላ ወደ ፊት መጥረግ፣ አገጭን ማጠፍ፣ ከዚያ እግርን መትከል። ይህን ያልቻለ ሰው ወደ ጥልቁ አይጠጋ።

አሁን ቀዘፋው። እጅዎን ከውሃ ሳያወጡ በጎድንዎ አስታከው እስከ ብብት ይሳቡ፣ እግርዎንም ከጉልበት አጥፈው ተረከዝዎን ወደ ታች ይጣሉ። እጅዎን በትከሻ ልክ ወደ ጎን ይዘርጉ፣ እግርዎን ይክፈቱ። ቀጥሎ እጅዎን ወደ ጭን፣ እግርዎን አንዱን ወደ አንዱ በአንድ ጊዜ ይግፉ። ሲስቡ አየር ያስገቡ፣ ሲገፉ ያስወጡ። እጅ ከትከሻ በላይ ከተዘረጋ ወይም ከውሃ ከወጣ ፊት ይሰምጣል።

ከገፉ በኋላ 2 ወይም 3 ሰከንድ ዝም ብለው ይንሸራተቱ። ጀማሪ ይህን ዘሎ ስለሚቀዝፍ የገዛ ፍጥነቱን ያቆማል።

ክዳኑ የጠበቀ ባለ 5 ሊትር ባዶ ጀሪካን ሆድ ላይ አቅፎ እግርን ብቻ ማለማመድ ይቻላል። ከሁለት ቀን በላይ ግን አይመከርም፤ ዳሌ ራሱን ማንሳት አይለምድም።

የሚሄዱት በጭንቅላት በኩል ስለሆነ ከፊት ያለውን ድንጋይ አያዩም። ዳሩን ተከትለው ይዋኙ፣ በየአራት አምስት ቀዘፋው ቆመው ይዩ።