የቤት ዕቃ ብረት ሲዝግ፣ ሲጠቁርና ሲበላ፦ ችግሩና መፍትሄው

ከመፈተግዎ ወይም ቀለም ከመቀባትዎ በፊት ብረቱ ምን እንደሆነ ይለዩ። ተራ ማግኔት ይበቃል። አጥብቆ ከያዘው ተራ ብረት፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ወይም ኒኬል የሌለው ስታይንለስ ነው። ካልያዘው አሉሚኒየም፣ መዳብ፣ ነሐስ፣ ብር ወይም ኒኬል ያለበት ስታይንለስ ሊሆን ይችላል። አሉሚኒየም በቅለቱ ይታወቃል፤ በእኩል መጠን የብረትን ሲሶ ያህል ነው የሚመዝነው።

ስታይንለስ ድስት ወይም ሲንክ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ሲወጣ

ስታይንለስም ይዝጋል። የሚጠብቀው ውስጡ ያለው ክሮሚየም (ቢያንስ 10.5 በመቶ) ከአየር ጋር ተዋህዶ የሚሠራው፣ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ነው። ይህን ሽፋን በረኪናና ጨው ይበሱታል። በረኪና የነካ ጨርቅ ሲንክ ውስጥ ሲያድር፣ ወይም ጨው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ተጨምሮ ድስቱ ግርጌ ሲተኛ ጉዳቱ ይጀምራል። ስለዚህ ጨው ውሃው ከፈላ በኋላ ይጨመር፣ ወዲያውም ይማሰል።

ብዙ ጊዜ ግን የዛገው ድስቱ ሳይሆን የዕቃ ማጠቢያው ሽቦ ነው፤ ስባሪው ገጹ ላይ ተጣብቆ ይዝጋል። መለያው ቀላል ነው። ነጠብጣቡን ካስለቀቁ በኋላ ጥፍርዎን ያሳልፉበት። ለስላሳ ከሆነ የሽቦው ዝገት ነበር፤ ጥፍር የሚይዝ ቀዳዳ ካለ ብረቱ ራሱ ተበልቷል።

ለማስለቀቅ 3 ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በ1 ማንኪያ ውሃ ለውሰው የብረቱን መስመር ተከትለው በለስላሳ ጨርቅ ይሹት። እምቢ ካለ የሎሚ ጭማቂ ቀብተው 10 ደቂቃ ያቆዩት፣ ያለቅልቁት፣ ያድርቁት። በረኪናና ሎሚ ወይም አቼቶ ግን በፍጹም አይገናኙ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የተበላው ቀዳዳ አይሞላም፤ ከበረኪናና ከጨው ርቆ ደረቅ ከዋለ ግን መስፋቱ ይገታል።

ሲገዙ 18/10 የሚል ይፈልጉ፤ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። 18/0 ቶሎ ይዝጋል።

አሉሚኒየም ድስት ውስጡ ሲጠቁር ወይም ሲቦረቦር

ጥቁረቱ የሚመጣው አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ከሆነ ውሃ ወይም ማጠቢያ ነው። በአመድ የሚፈትጉ ሰዎች ድስታቸው ያበራል ብለው ያምናሉ፤ ነገር ግን የአመድ ውሃ አልካላይን ስለሆነ አሉሚኒየሙን ይበላል። በ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምረው 15 ደቂቃ ያፍሉት፤ ጥቁረቱ ይለቃል።

መቦርቦሩ ከጨውና ከአሲድ ነው። ቲማቲም የበዛበት ወጥ በአሉሚኒየም ድስት አይደር፤ ወደ ሸክላ፣ ብርጭቆ ወይም ስታይንለስ ይገልበጥ። ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የተሠራ፣ ምንጩ የማይታወቅ ድስት እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ በተለይ ሕፃናት ላሉበት ቤት ባይበስልበት እንመርጣለን።

መብራት ብልጭ ድርግም ሲል፣ የሽቦው መገጣጠሚያ ሲግል

መንስኤው ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ሽቦ ከመዳብ ጋር ተጠምዝዞ በቴፕ መታሰሩ ነው። አሉሚኒየም ከአየር ጋር ሲዋሃድ ላዩ ላይ የሚፈጠረው ሽፋን (ኦክሳይድ) ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሲግልም ከመዳብ ይበልጥ ስለሚለጠጥ መጋጠሚያው እየላላ ይሄዳል፤ የላላው ይግላል፣ የጋለው ይባስ ይላላል፤ እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። ቴፕ መደረብ ምንም አይጠቅምም። መፍትሄው ሁለቱን ለማገናኘት የተሠራ ቢሜታል ማገናኛ ነው። ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ጠፍቶ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሠራ። ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር ቤት ውስጥ ሲጠፋም ኃይል ስላለበት የመብራት ኃይል ሠራተኛ ይጠራ።

የጣሪያ ቆርቆሮ በሚስማሩ ዙሪያ ሲዝግ

ቆርቆሮውን የሚጠብቀው የዚንክ ልባስ ነው። ሚስማር ሲመታ ልባሱ ይቀደዳል፤ በግራይንደር ሲቆረጥ ደግሞ የጋለው ፍንጣሪ ልባሱን ያቃጥለዋል። በተቻለ መጠን በቆርቆሮ መቀስ ይቆረጥ። የዛገውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈትገው፣ አቧራውን ጠርገው፣ ዚንክ ያለው አንቲረስት ሁለት ጊዜ ይቀቡት፤ ሚስማሩንም ጎሚኒ ባለው ይተኩት። የመዳብ ሽቦ ወይም ከመዳብ የሚንጠባጠብ ውሃ ቆርቆሮ ላይ አይረፍ፤ ዚንኩን ቶሎ ይጨርሰዋል። ዚንክ 907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሚፈላ፣ ብየዳ ካስፈለገ ልባሱ አስቀድሞ ይፈተግ፣ ሥራውም ደጅ ይሁን፤ ጭሱ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል።

የብር ጌጥ ሲጠቁር

ይህ ዝገት አይደለም፤ ብር ከአየር ሰልፈር ጋር ተዋህዶ ነው። ሳህን ላይ የአሉሚኒየም ፎይል አንጥፈው፣ ጌጡ ፎይሉን እንዲነካ አድርገው፣ በ1 ሊትር የፈላ ውሃ 4 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሟሙተው ያፍስሱበት። በደቂቃዎች ውስጥ ይነጣል። ድንጋይ የተተከለበት ጌጥ፣ ወይም ሐረጉ ሆን ተብሎ እንዲጠቁር የተደረገ መስቀል ግን በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይወልወል።