ማውሱ ጌሙ ውስጥ ለምን ይንቀረፈፋል? የድሮ የኮንሶል ተኩስ ጌሞችን በማውስና ኪቦርድ ለምትጫወቱ

ይህን የምጽፈው ኢሙሌተር (የኮንሶል ጌም በኮምፒውተር ላይ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ጭናችሁ ጌሙን ማስነሳት ለቻላችሁ ነው። ድምፁም ምስሉም አለ፤ ማውሱ ግን አልታዘዝ ብሏል። ምሳሌዬ በብዛት የኒንቴንዶ 64ቱ ጎልደንአይ 007 (እ.ኤ.አ. 1997) እና ፐርፌክት ዳርክ (እ.ኤ.አ. 2000) ናቸው። ሁለቱንም የሠራው ሬር የተባለው ኩባንያ ስለሆነ ጠባያቸው ይመሳሰላል። ሰው አስተካክልልኝ ብሎ የሚያመጣልኝም አብዛኛው እነዚህን ነው።

ቀስ ስትሉ አይንቀሳቀስም፣ ስትፈጥኑ ይዘላል፣ በኃይል ስትጠርጉት ደግሞ ከአንድ ፍጥነት በላይ አይዞርም

ከሚመጡልኝ ችግሮች ሁሉ የሚበዛው ይሄ ነው። ምክንያቱም ሁሌ አንድ ነው፦ ማውሱን በስቲኩ (የኮንሶሉ መቆጣጠሪያ ላይ በአውራ ጣት በሚገፋው ዘንግ) ቦታ አስገብታችሁታል።

ስቲክ ለጌሙ የሚነግረው ምን ያህል እንደተገፋ ነው። ጌሙ ያንን ወደ መዞሪያ ፍጥነት ይቀይረዋል። ገፍታችሁ ከያዛችሁት መዞሩን ይቀጥላል። ማውስ ግን የሚነግረው ምን ያህል እንደተጓዘ ብቻ ነው። እጃችሁ ሲቆም እሱም ዝም ይላል። ኢሙሌተሩ አንዱን በግድ ወደ ሌላው ሲቀይር ነው ነገሩ የሚበላሸው። ስቲኩ መሃል ላይ ጌሙ ሆን ብሎ የማይሰማው ክፍተት አለ። የእጃችሁ ትንንሽ እንቅስቃሴ እዚያ ተውጦ ይቀራል። ጫፍ ላይ ደግሞ ጣሪያ አለ። ስቲኩ እስከ መጨረሻው ከተገፋ በኋላ ማውሱን የቱንም ያህል ብትጠርጉት ጌሙ ከዚያ በላይ አይዞርም።

ስለዚህ ሴንሲቲቪቲ (ማውሱ ለእጃችሁ የሚሰጠውን የምላሽ መጠን) መጨመር መፍትሄ አይደለም። ደጋግሜ የምናገረው ይህንኑ ነው። ሴንሲቲቪቲ ሲጨመር ጣሪያው ጋ ቶሎ ትደርሳላችሁ እንጂ ጣሪያው ከፍ አይልም። አንድ ወዳጄ ጥፋቱ የማውሱ መስሎት ውድ ማውስ ገዛ። ስንሞክረው ልዩነቱ ዜሮ ነበር። ሌላው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ የዚያን የማይሰማ የመሃል ክፍተት ቁጥር ሲቀያይር አደረ። ቁጥሩን ዜሮ ሲያደርገው ደግሞ ማውሱ ሳይነካ እይታው መንሸራተት ጀመረ። ሁለቱም የተስተካከሉት በአንድ ነገር ነው፤ ስቲኩን ጨርሶ በመተው።

መፍትሄው ማውስ ኢንጀክተር ይባላል። ስቲኩን አልፎ፣ ጌሙ የእይታውን አቅጣጫ የሚያስቀምጥበትን የሚሞሪ ቦታ ያገኝና የማውሱን እንቅስቃሴ እዚያው ይጽፈዋል። በመሃል ክፍተትም ጣሪያም የለም። ለጎልደንአይና ለፐርፌክት ዳርክ 1964 የተባለው ኢሙሌተር ለሁለቱ ጌሞች ተብሎ የተዘጋጀ እትም አለው፤ ኢንጀክተሩም አብሮት ይመጣል። በጌም ኪዩብ ለወጡት ለታይምስፕሊተርስ 2 እና ለሜትሮይድ ፕራይም ደግሞ ከዶልፊን (ከጌም ኪዩብ ኢሙሌተር) ጎን የሚሠራ ራሱን የቻለ ኢንጀክተር አለ።

አንዴ የለመደ ሰው አይመለስም። ጎልደንአይ በእውነተኛው ኮንሶል ላይ ትርምስ ሲበዛ ፍሬሙ (የሚታየው የምስል ብዛት) በሰከንድ ከ20 በታች ይወርድ ነበር። በ1964 ላይ በ60 ፍሬም፣ ማውሱ በቀጥታ ገብቶ፣ ያው የድሮ ጌም እጅ ውስጥ ሌላ ሆኖ ይመጣል። ይህን ሳያዩ «የድሮ ጌም አይረባም» ብለው የዘጉት ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ኢንጀክተሩን ጫንኩ፣ ግን ምንም የለም

መጀመሪያ የኢሙሌተሩን የፕለጊን (ኢሙሌተሩ ላይ የሚጨመሩ ክፍሎች) ሴቲንግ ክፈቱ። በኢንፑት ቦታ የተመረጠው ኢንጀክተሩ ነው ወይስ የቀድሞው? ፋይሉን ፎልደሩ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻውን በቂ አይደለም፤ መመረጥ አለበት።

እሱ ትክክል ከሆነ ሮሙን (ከካሴቱ የተቀዳውን የጌም ፋይል) እዩ። ኢንጀክተሩ የሚጽፈው በተወሰነ የሚሞሪ አድራሻ ላይ ነው። የአውሮፓውና የጃፓኑ እትም አድራሻቸው ከአሜሪካው ይለያል። የተሠራው ለአሜሪካው እትም ስለሆነ ሌላውን ስታስገቡ ጌሙ በደንብ ይሠራል፣ ማውሱ ግን ድርቅ ይላል። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው። በኢሙሌተሩ የጌም ዝርዝር ላይ አገሩን ታገኙታላችሁ። የፋይሉን ስም አትመኑ፤ ስም ማንም ይቀይራል። የተነካካ ወይም የተሻሻለ ሮምም ያው ችግር ሊኖረው ይችላል። ካሴቱ ካላችሁ ከራሳችሁ ካሴት የተቀዳውን ተጠቀሙ።

በዶልፊን በኩል ከሆነ ደግሞ፦ ዶልፊንን እንደ አድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ ኢንጀክተሩን ዝም ብላችሁ ከከፈታችሁት ዊንዶውስ አንዱን ወደ ሌላው ሚሞሪ አያስገባውም። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ክፈቱ።

ፋይሉ ራሱ ጠፍቶ ከሆነ አንቲቫይረሱ ወስዶታል። የሌላ ፕሮግራም ሚሞሪ የሚነካ ነገር ያጠራጥረዋል። ያንን አንድ ፎልደር ብቻ ፍቀዱለት። አደራ፣ አንቲቫይረሱን ሙሉ በሙሉ አታጥፉ! ኢንጀክተሩንም ከሠሪው ገጽ ውጭ አታውርዱ። በቴሌግራም ከማይታወቅ ሰው የተላከ ኢንጀክተር ኮምፒውተር ላይ አይጫንም።

ቀና ብዬ ሳይ እይታው ብቻውን ይመለሳል

ጌሙ ራሱ ውስጥ ካለው ሴቲንግ «ሉክ አሄድ» የሚለውን አጥፉ። ስትራመዱ እይታውን ወደ ፊት የሚያስተካክለው እሱ ነው። አውቶ ኤምንም (ጌሙ ራሱ የሚያነጣጥርበትን) አብራችሁ አጥፉት፤ በማውስ ለሚያነጣጥር ሰው ጥይቱን ወደማይፈልገው ይወስድበታል።

ደብሊው ስጫን ከመሄድ ይልቅ ወደ ላይ ያያል

በጌሙ ሴቲንግ ውስጥ የኮንትሮል ስታይሉን 1.2 አድርጉት። በእሱ መራመጃው ሲ በተኖች (በኒንቴንዶ 64 መቆጣጠሪያ ላይ ያሉት የ«C» ቁልፎች) ላይ፣ ማያው ስቲክ ላይ ነው። ደብሊው፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲን በሲዎቹ ላይ አስቀምጡ።

እየሮጥኩ ስዞር አንዱ ቁልፍ አይሰማም

ርካሽ ኪቦርድ። ኖትፓድ ክፈቱና ደብሊውንና ኤን እንደያዛችሁ ሌላ ቁልፍ ጫኑ። ፊደሉ ካልወጣ ጥፋቱ የኢሙሌተሩ አይደለም። እነዚህ ኪቦርዶች አንዳንድ ሦስት ቁልፎችን አንድ ላይ መለየት አይችሉም። በጣም የሚያናድደኝ ቀለም ያለው መብራት ገጥመው ካርቶኑ ላይ «ጌሚንግ» ብለው መሸጣቸው ነው። መብራት ቁልፍ አይለይም። ሱቅ ስትሄዱ በኖትፓድ ሞክራችሁ ግዙ፤ ሻጩ አላስሞክርም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። የገዛችሁ ከሆናችሁ ደግሞ መተኮሻና ማነጣጠሪያውን ወደ ማውሱ አዛውሩ።

በጨዋታ መሃል ቁልፎቹ በሙሉ ይሞታሉ

ይህ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይበዛል። ሺፍትና ኦልት አንድ ላይ ሲጫኑ ዊንዶውስ ቋንቋ ይቀይራል። አንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ደግሞ ቁልፉን ኢሙሌተሩ ሳያየው ይይዘዋል። ከመጫወታችሁ በፊት ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፣ መጻፊያውንም ዝጉ። ሺፍትን 5 ጊዜ ስትደጋግሙ የሚመጣው መስኮት ስቲኪ ኪይስ ነው፤ ከሴቲንግ አጥፉት።

ሳልነካው ይሽከረከራል (ዶልፊን)

ስቲኩ ላይ «ከርሰር» አስገብታችኋል። ጠቋሚው ከመሃል እስከራቀ ድረስ ይዞራል። ኢንጀክተር ለሌለው ጌም ከሆነ «አክሲስ» የሚለውን ምረጡ። ቢያንስ መሽከርከሩ ይቆማል።

ፐርፌክት ዳርክ አብዛኛውን ክፍል ይዘጋል

የኢሙሌተሩን ሚሞሪ ከ4 ሜጋባይት ወደ 8 ከፍ አድርጉ።

በነገራችን ላይ ፐርፌክት ዳርክ ያለ ኢሙሌተር በኮምፒውተር የሚሠራ፣ በአፍቃሪዎቹ የተዘጋጀ እትምም አለው። ማውሱ በቀጥታ ይሠራል፤ የአሜሪካውን ሮም ግን ከእናንተ ይፈልጋል። ሌላው የኒንቴንዶ 64 ተኩስ ጌም ቱሮክም እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር ታድሶ ወጥቷል። ለእሱ ብላችሁ ኢሙሌተር አትድከሙ።