ጉልበቱ ያበጠ ልጅ ዓይኑም ይታይለት

ደሴና አካባቢዋ ያላችሁ እናቶች፣ ልጃችሁ የመገጣጠሚያ ብግነት (አርትራይተስ) አለበት ከተባላችሁ እባካችሁ ዓይኑ እስኪቀላ አትጠብቁ። ከመገጣጠሚያው በሽታ ጋር የሚመጣው የዓይን ብግነት ብዙ ጊዜ አይቀላም፣ አያምምም፤ የኔዋ ልጅ አንድም ቀን «ዓይኔን» አላለችም። ዝም ብሎ ግን ብርሃን ይነጥቃል። በባትሪ ማየት አይበቃም፤ የዓይን ሐኪም በስሊት ላምፕ (የዓይንን ውስጥ አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ) ይየው። እኛ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው የምንሄደው።

ልጁ ትንሽ ከሆነ፣ በተለይ ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በየ3 ወሩ ይታያል። ጉልበቱ ቢሻለውም ቀጠሮው አይቀርም።

የስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) የዓይን ጠብታ ከታዘዘ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። ጠበል የምታስጠምቁም አስጠምቁ፣ ጠብታው ግን ሰዓቱ አይለፍ። ልጁን በጀርባው አስተኙት፣ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጋችሁ አንድ ጠብታ ብቻ፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆይ።