የማላውቀው የዕዳ ደብዳቤ፦ በመጨረሻ የሠራልኝ መንገድ

አሜሪካ ላላችሁ ይጠቅማል ብዬ ነው። ከአንድ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ደብዳቤ ደረሰኝ። የማላውቀው የሕክምና ሂሳብ፣ በእኔ ስም።

መጀመሪያ ስልክ ደወልኩ። በደወልኩ ቁጥር ሌላ ሰው ያነሳል፣ እንደ አዲስ አስረዳለሁ፣ መልሱ ያው ነው፦ «ለጊዜው ትንሽ ይክፈሉ።» ይህቺን እንዳትሰሟት! በአንዳንድ ግዛቶች ትንሽ ክፍያም ብትሆን የክስ ማቅረቢያውን የጊዜ ገደብ ከዜሮ ታስጀምራለች።

ቀጥሎ ለክሬዲት ቢሮው (የሰውን የብድርና የዕዳ ታሪክ ለሚመዘግበው ድርጅት) በኦንላይን አቤቱታ አስገባሁ። «ተረጋግጧል» ብለው መለሱት።

የሠራው ደብዳቤ መጻፍ ነው። በ1977 የወጣው የፌዴራል የዕዳ አሰባሰብ ሕግ እንደሚለው፣ ማሳወቂያው በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወማችሁ፣ ሰብሳቢው ማረጋገጫ እስኪልክ ድረስ ማስከፈሉን ማቆም አለበት። በስልክ መቃወም ይህን አያስገኝም። የእኔ ደብዳቤ አጭር ነበር፦ የፋይል ቁጥሩ፣ «ይህን ዕዳ አልቀበልም» የሚል አንድ መስመር፣ የዋናው አበዳሪ ስምና አድራሻ እንዲሁም ዝርዝር ሂሳቡ ይላክልኝ የሚል ጥያቄ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን አልጻፍኩም፤ ማንነታቸውን በቅጡ ሳላውቅ ለምን ብዬ? ቅጂ አስቀርቼ በሰርቲፋይድ ሜይል (ፖስታ ቤቱ መዝግቦ በሚልከው ደብዳቤ) ከሪተርን ሪሲት (ተቀባዩ ከሚፈርምበት የመረከቢያ ካርድ) ጋር ላክሁት። ተፈርሞባት የምትመለሰው አረንጓዴ ካርድ ማስረጃ ናት።

ማረጋገጫ አልመጣም። የመጣው «ሂሳቡን ዘግተናል» የሚል ወረቀት ነው። እሱን አያይዤ ለክሬዲት ቢሮው ስልከው ዕዳው ከመዝገቤ ተሰረዘ።

የደረሳችሁ የፍርድ ቤት መጥሪያ ከሆነ ግን ይህ ደብዳቤ አያድናችሁም። በተሰጣችሁ ቀነ ገደብ ውስጥ መልሳችሁን ለፍርድ ቤቱ አስገቡ።