«ደህና ነኝ» ሲል አትመኑት፦ ስለ ኳርተርባክ ጥንካሬና ስለ አሰልጣኝ ውሳኔ እንዴት እንከራከር

በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 እሑድ ነበር፤ የገና ዋዜማ። ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ጓደኛችን ቤት ሰባት ታክሲ ነጂዎች ተሰብስበናል። ሽሮና ሱፍ ፍትፍት ቀርቧል፤ ማታ ቤተ ክርስቲያን እናድራለን። ከዚያ በፊት ግን የዋሽንግተንና የሲያትል የአሜሪካን ፉትቦል ፕሌይኦፍ፣ ማለትም የተሸነፈ የሚሰናበትበት ጨዋታ አለ።

የዋሽንግተን ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሷን የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች፣ ሮበርት ግሪፊን ገና 22 ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ሩብ ሁለት ታችዳውን (የዚህ ስፖርት ዋና ግብ) ወርውሮ 14 ለ 0 መራን። እዚያው ሩብ ውስጥ ግን ኳስ ሊወረውር ሲል ቀኝ ጉልበቱ ከዳው። ተነሣ፤ እያነከሰ ቀጠለ። እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ «ወንድ ማለት ይሄ ነው! ተዉት ይጫወት!» እያልኩ ጮኽኩ። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጠን፣ አገር ቤት ጤና ረዳት የነበረ ጋሼ የምንለው ሰው ጉርሻውን አቁሞ «ፊቱን አትዩ፤ እግሩን እዩ» አለን። ማንም አልሰማውም።

በአራተኛው ሩብ ከመሐል የተላከለት ኳስ ዝቅ ብሎ አመለጠው። ሊያነሣ ሲያጎነብስ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ተጠማዞ ወደቀ፤ ኳሷን ሲያትሎች ወሰዷት። 24 ለ 14 ተሸነፍን። ረቡዕ ዕለት ሁለት የጉልበት ጅማቶቹ ተጠግነው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ «የተጎዳው ኳርተርባክ ይቆይ ወይስ ይውጣ?» የሚለው ክርክር ይነሣል፤ ስሙ ብቻ ይቀየራል። እኔ የምከራከርበትን መንገድ የቀየርኩት ያን ማታ ስለሆነ፣ ለዚህ ስፖርት አዲስ ለሆናችሁም፣ እንደ እኔ ለዓመታት ስትጮኹ ለኖራችሁም የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የእግር ኳስ ልማዳችንን ወደ ጎን እናድርገው። በእግር ኳስ አንዴ የወጣ ተጫዋች አይመለስም፤ ስለዚህ አሰልጣኙ ቢያመነታ እንረዳዋለን። የእኛ ሰው ወደ አሜሪካን ፉትቦል ሲመጣ ይህንኑ ይዞ ይመጣና «ካስወጣውማ አለቀ» ይላል። እዚህ ግን መግባትና መውጣት ገደብ የለውም። ኳርተርባኩን ለአንድ ሙከራ አስወጥቶ፣ ሐኪም አሳይቶ፣ መልሶ ማስገባት ይቻላል። ራሱ ግሪፊን ከአንድ ወር በፊት፣ ዲሴምበር 9 ቀን 2012 ከባልቲሞር ጋር ሲጫወቱ ያንኑ ጉልበቱን ተመትቶ ወጥቶ፣ ተመልሶ ገብቶ፣ ደግሞ ወጥቷል። ስለዚህ «ምን ያድርግ፣ ምርጫ አልነበረውም» የሚል ክርክር ሲመጣባችሁ ይህን አስታውሱ። አሰልጣኙ ለሦስትና ለአራት ደቂቃ የማየት ዕድል ሁልጊዜ አለው።

ሁለተኛው ነገር ዋናው ነው፤ እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ።

የዚያን ዕለት አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን ከጨዋታው በኋላ ለምን እንዳላስወጣው ሲጠየቅ ልጁ ምን እንዳለው ተናገረ። ግሪፊን ማመምና መጎዳት እንደሚለያዩ፣ እያመመው ቢሆንም እንዳልተጎዳ፣ ጨዋታውን የማሸነፍ ዕድል እንዲሰጠው ለምኖታል። አሰልጣኙም አመነው። እኔ ይህን ስሰማ ግሪፊን ላይ አንድም ቃል ለመናገር አልቻልኩም። ሌላ ምን ይበል? የ22 ዓመት ልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ዓመቱ ነው፤ ክለቡ እሱን ለማግኘት፣ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ከሚመርጡበት ድራፍት፣ ሦስት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ተራ ከፍሎበታል፤ ሰማንያ ሺህ ሰው ስሙን ይጠራል። «አዎ፣ አልችልም» የሚል ልጅ መጀመሪያውኑ እዚያ ሜዳ ላይ አይደርስም።

እኛ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን። «እንዴት ነህ?» ሲሉን «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የምንል ሰዎች ነን፤ ትኩሳት እየፈጀንም ቢሆን። አንድ ክረምት ወገቤ ተይዞ፣ የመኪናው ሳምንታዊ ኪራይ እንዳይጎድልብኝ ስድስት ቀን በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ነዳሁ። ባለቤቴ በየማታው ስትጠይቀኝ «ደህና ነኝ» አልኳት። እሷ ግን መልሴን አልሰማችም፤ በመስኮት ከመኪናው ስወርድ ታየኝ ነበር። በሰባተኛው ቀን ቁልፉን ደበቀችብኝ።

ስለዚህ ስትከራከሩ «እሱ ራሱ እችላለሁ ብሏል» የሚለውን ማስረጃ አትቀበሉ። ስለ ልጁ ልብ ይነግራችኋል፤ ስለ ጉልበቱ ግን ምንም አይነግራችሁም። የጥንካሬ ጥያቄ የተጫዋቹ ነው፤ የመቆየት ጥያቄ የአሰልጣኙና የሐኪሙ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስንቋጥራቸው ነው ክርክራችን የሚበላሸው።

ታዲያ ምኑን እንይ? ጋሼ እንዳለው እግሩን። በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ ኃይሉን የሚያገኘው የኋላ እግሩ ከሆነው ከቀኙ ነው፤ መሬቱን ረግጦ ገፍቶ ክብደቱን ወደ ግራው ያሸጋግራል። ቀኝ ጉልበቱ የታመመበት በክንዱ ብቻ ይወረውራል፤ ኳሷ ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች ወይም ከተቀባዩ እግር ሥር ትወድቃለች። የቴሌቪዥን ካሜራ ኳሷን ተከትሎ ሲሄድ እናንተ እሱ ላይ ቆዩ። ከወረወረ በኋላ በየትኛው እግሩ ይቆማል? ሜዳው ሲከፈትለት ይሮጣል ወይስ ወደ መስመሩ ወጥቶ ያመልጣል? ግሪፊን ያን ቀን በጠቅላላው 84 ያርድ ብቻ ነው የወረወረው፤ ከመጀመሪያው ሩብ በኋላ ዋሽንግተን አንድም ነጥብ አላገባም። መልሱ ዐይናችን ፊት ነበር።

ከዚያ ሰዓቱን፣ ውጤቱንና ወንበሩን አብራችሁ እዩ። ወንበሩ ላይ ማን አለ የሚለው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ያን ቀን ተጠባባቂው ከርክ ከዝንስ ነበር። በዚያ በባልቲሞሩ ጨዋታ ገብቶ ታችዳውን ወርውሮ፣ ሁለቱን ተጨማሪ ነጥብ ራሱ ሮጦ አግብቶ፣ ዋሽንግተን በጭማሪ ሰዓት 31 ለ 28 አሸንፏል። በሳምንቱም ክሊቭላንድ ላይ ከመጀመሪያው ተሰልፎ 38 ለ 21 አሸንፏል። እንዲህ ያለ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው በአንድ እግር የሚሄደው ልጅ የቀጠለው። በእኔ አስተያየት በእረፍት ሰዓት፣ ውጤቱ ገና 14 ለ 13 እያለ፣ ከዝንስ መግባት ነበረበት።

አሁን ደግሞ ከሁሉም ወደሚከብደው ልምጣ፤ ውሳኔውን ከውጤቱ መለየት። ክፉ ነገር ስለደረሰ ብቻ ውሳኔው መጥፎ ነበር አይባልም፤ ምንም ስላልደረሰም ጥሩ ነበር አይባልም። ኖቬምበር 2 ቀን 2025 እዚያው ላንዶቨር፣ እዚያው ሜዳ ላይ፣ ዋሽንግተን እንደገና ከሲያትል ጋር ይጫወታል። ኳርተርባኩ ጄይደን ዳንኤልስ ነው፤ በዚያ ወቅት በጉልበትና በጭን ሕመም ጨዋታዎች አምልጠውታል። ውጤቱ 38 ለ 7 ነው። በአራተኛው ሩብ ስምንት የማይሞሉ ደቂቃዎች ቀርተዋል። አሁንም ሜዳ ላይ ነው። ሊሮጥ ሲል ተይዞ ወደቀ፤ ራሱን ሊደግፍ የዘረጋው የግራ እጁ ክርን ወለቀ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የ2013ቱ ጉዳት ይብሳል፤ የልጁን ሩጫ ወስዶበታል። ሆኖም ሻናሃን ቢያንስ የሚከራከርበት ነገር ነበረው፤ ጨዋታው ሕይወት ነበረው፤ ልጁን ማቆየት የሚያስገኘው ነገር ነበር። በ2025ቱ ግን በ31 ነጥብ እየተመሩ ዳንኤልስን ማቆየት ምንም የሚያመጣው ጥቅም አልነበረም። ክርኑ ባይወልቅም ውሳኔው ያው ስሕተት ነበር። አሰልጣኙ ዳን ክዊን ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዷል፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። እንግዲህ የሚያስፈልጋችሁ ጥያቄ ይህ ነው፦ ጉዳቱ ከመድረሱ ከአንድ ደቂቃ በፊት ጨዋታውን አቁመን ብንጠየቅ ምን እንል ነበር? ያኔ ዝም ብላችሁ ከነበረ አሁን አሰልጣኙን ለመውቀስ ቸኩላችሁ አትነሡ።

በሳምንቱ ውስጥ ደግሞ ማንበብ ልመዱ። ክለቦች ለእሑድ ጨዋታ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ማን ልምምድ እንደሠራ፣ ማን በከፊል እንደሠራ፣ ማን እንዳልሠራ ያወጣሉ፤ ዓርብ ላይ «አጠራጣሪ»፣ «መሰለፉ የማይመስል»፣ «አይሰለፍም» ብለው ይለያሉ። ረቡዕም ሐሙስም ልምምድ ያልሠራ ሰው እሑድ ሲገባ ካያችሁ ዐይናችሁን ከእግሩ አትንቀሉ።

የጭንቅላት ጉዳትን በሚመለከት ግን ክርክር የለም። ሴፕቴምበር 25 ቀን 2022 የማያሚው ቱዋ ታጎቫይሎዋ ተገፍቶ ወድቆ ጭንቅላቱ መሬት መታ፤ ተነሥቶ ጥቂት እንደተራመደ ተንገዳገደ። ተመልሶ ገባ። ከአራት ቀን በኋላ ሲንሲናቲ ላይ እንደገና ሲወድቅ ጣቶቹ ተጣመው ደርቀው ቀሩ፤ በአልጋ ወጣ። በኦክቶበር ሕጉ ተለወጠ፤ ሚዛኑን ስቶ የተንገዳገደ ተጫዋች ያን ቀን አይመለስም። ለጉልበት ጥርስ ነክሶ መቻል ይባል ይሆናል። አንጎል ግን ጥርስ የሚነከስለት ነገር አይደለም፤ ሲመታ «ደህና ነኝ» የሚለውም ያው የተመታው አንጎል ነው።

በመጨረሻ አንድ ቃል ከአፋችን እናውጣ፦ ፈሪ። ጃንዋሪ 23 ቀን 2011 የቺካጎው ጄይ ካትለር ከግሪን ቤይ ጋር በተደረገው የኮንፈረንስ ዋንጫ ጨዋታ በጉልበት ጉዳት ወጣ። ቁጭ ብሎ ሲታይ ፊቱ የደነገጠም ያዘነም አይመስልም ነበር። ቺካጎ 21 ለ 14 ተሸነፈ። በዚያው ቅጽበት የሌላ ክለብ ተጫዋቾች ሳይቀሩ በትዊተር ልቡን ተጠራጠሩ። በማግሥቱ ኤምአርአይ ሲነሣ የጉልበቱ ጅማት ተጎድቶ ተገኘ። ይህ ሰው በዚያው ወቅት 52 ጊዜ መሬት ላይ ተጥሏል፤ በአንዱ ጨዋታ ከእረፍት በፊት ብቻ ዘጠኝ ጊዜ። የስኳር ሕመም ስላለበትም ኢንሱሊን እየወሰደ ነበር የሚጫወተው። ሰው ፊቱን አይቶ ፈረደበት።

ልጄ አሁን ለትምህርት ቤቱ ይጫወታል፤ ዓርብ ማታ ማታ። በየዓመቱ ስለ ጭንቅላት ጉዳት የሚሰጠንን ወረቀት አንብቤ እፈርማለሁ። በዚህ ወቅት መጀመሪያ ላይ አሰልጣኙን ብቻውን አግኝቼ አንድ ነገር ለመንኩት። ልጄ ወድቆ ሲነሣ «ደህና ነህ?» ብለህ አትጠይቀው፤ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «በአንድ እግርህ ሦስት ጊዜ ዝለልልኝ» በለው። አሰልጣኙ ሳቀና በደብተሩ ጻፈው። ባለፈው ዓርብ በሁለተኛው ሩብ ልጄ ተጥሎ እያነከሰ ተነሣ። ከመቀመጫዬ ሆኜ አየሁ፤ አሰልጣኙ ጠርቶት ጠጋ አለውና ጣቱን ወደ መሬት ጠቆመ። ልጄ አንድ ጊዜ ዘለለ። ሁለተኛውን አልዘለለም። ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።